ከሞን ብላን ቀጥሎ የአልፕስ ሁለተኛው ከፍተኛ ጫፍ የትኛው ነው?

ጥያቄውን የላኩት በጄኔቫ የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ለጂኦግራፊ ትምህርት የአልፕስ ተራሮችን አሥር ከፍተኛ ጫፎች በደረጃ ጽፎ እንዲያቀርብ ታዝዟል። ያገኘው አንደኛው ሰንጠረዥ ሁለተኛው ጫፍ ሞን ብላን ደ ኩርማየር ነው፣ ቁመቱም 4,748 ሜትር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ዱፉርሽፒትሰ፣ 4,634 ሜትር ይላል። ራሱ ሞን ብላንም በአንዱ 4,810፣ በሌላው 4,807፣ በሦስተኛው 4,806 ሆኖ ተጽፏል። ከ4,000 ሜትር የሚበልጡት ጫፎች ስንት እንደሆኑ ሲፈለግ 82 የሚልም 128 የሚልም ተገኝቷል። «ከእነዚህ ውስጥ የሚዋሸው የትኛው ነው? ልጄንስ እነዚህን ተራሮች ከየት ሆኜ ላሳየው እችላለሁ?» ይላሉ።

የሚዋሽ የለም። ልጅዎ ያገኛቸው ቁጥሮች ሁሉም መሠረት አላቸው፤ ያልተገናኙት እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው። መምህሩ የሚጠብቀው መልስ ግን ዱፉርሽፒትሰ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እኔም ብጠየቅ የምመልሰው እሱን ነው። ልጁ ምክንያቱን ጨምሮ ጽፎ ከሄደ ደግሞ ሰንጠረዥ ገልብጠው ከሚመጡት ሁሉ የተሻለ ነጥብ ይገባዋል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ይያዙልኝ።

ተራራ ድንበር ተሰምሮለት አልተፈጠረም። በአንድ ረጅም ሸንተረር ላይ አሥር ጉብታ ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱ ጉብታ ራሱን እንደቻለ ተራራ ከተቆጠረ የሰንጠረዡን የላይኛውን ክፍል ሁሉ የሞን ብላን ትከሻና ክርን ይይዘዋል። ስለዚህ ደረጃ ከማውጣት በፊት መወሰን ያለበት ነገር አለ፦ ምን ያህል ተለይቶ የቆመ ከፍታ ነው «ጫፍ» ተብሎ የሚቆጠረው? ሰንጠረዦቹ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። በሜትሩ ላይማ ሁሉም ከሞላ ጎደል ይስማማሉ።

ሞን ብላን ደ ኩርማየር እንዲህ ያለ ትከሻ ነው። ከዋናው ጫፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው ሸንተረር ኮል ማጆር ወደሚባል ዝቅታ ይወርድና እንደገና ይነሣል። መነሣቱ ግን 18 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የስድስት ፎቅ ሕንጻ ቁመት ማለት ነው። ርቀቱም ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ከባሕር ወለል በላይ 4,748 ሜትር መሆኑ እውነት ነው። ያን ሁሉ ቁመት የሰጠው ግን የተሸከመው ሞን ብላን እንጂ የራሱ መነሣት አይደለም።

ይህን ለመለካት የሙያው ሰዎች የምንጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። ባሕሩ ከፍ እያለ መጥቶ ምድሩን ያጥለቀልቃል ብለው ያስቡ። ውኃው እየጨመረ ሲሄድ ሸለቆዎቹ ይሰምጣሉ፣ ከዚያም በተራራና በተራራ መካከል ያሉት ዝቅ ያሉ መተላለፊያዎች ይሰምጣሉ፤ በየጊዜውም አዳዲስ ደሴቶች ይፈጠራሉ። አንድ ጫፍ ከእሱ ከሚበልጠው ጎረቤቱ ተቆርጦ በራሱ ደሴት ላይ ከፍተኛው ነጥብ የሚሆንበት ቅጽበት አለ። ከዚያ የውኃ ወለል እስከ ጫፉ ያለው ቁመት የዚያ ተራራ የራሱ ነው። እኔ ነጻ ከፍታ እለዋለሁ።

አሁን ጫፎቹን በዚህ ሚዛን እንያቸው። ሞን ብላንን ከሚበልጡት ተራሮች ለመለየት ውኃው 113 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይበቃዋል፤ መቆረጫው የሚገኘው አልፕስ አካባቢ ሳይሆን እዚያ በሰሜን ሩሲያ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የሞን ብላን ነጻ ከፍታ ከ4,690 ሜትር ይበልጣል። ዱፉርሽፒትሰ ከሞን ብላን የሚቆረጠው ውኃው 2,469 ሜትር ላይ ደርሶ ታላቁ ሳን በርናርድ መተላለፊያን ሲያሰምጥ ነው። ቦታው ናፖሊዮን በ1800 ጦሩን ይዞ ወደ ኢጣልያ የተሻገረበት፣ በትልልቅ ውሾቹም ስሙ የሚታወቀው መተላለፊያ ነው። ከ4,634 ላይ 2,469 ሲቀነስ 2,165 ሜትር ይቀራል። 18 ሜትርንና 2,165 ሜትርን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁለተኛው የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ብዙ አይቸገርም።

የእኛን ራስ ደጀን በዚህ ሚዛን ማየት ይጠቅማል፤ ልጅዎም መጠየቁ አይቀርም። በትምህርት ቤት የተማርነው 4,620 ሜትር የሚለውን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ልኬቶች ወደ 4,550 ዝቅ ያደርጉታል። በዚህኛው ቁጥር ከዱፉርሽፒትሰ በጥቂቱ ያንሳል። ወደ ነጻ ከፍታ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ የራስ ደጀን ነጻ ከፍታ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን የዱፉርሽፒትሰ ከዚህ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ዱፉርሽፒትሰ ቁመቱን ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጋራ ተራራ ነው፤ ራስ ደጀንን ግን በአካባቢው የሚበልጠው ተራራ የለም።

ለልጅዎ አሥር ጫፍ የሚመርጥበት መስፈርት ያስፈልገዋል። እኔ 300 ሜትር ነጻ ከፍታን እመርጣለሁ። በዚህ መስፈርት የሚመጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሞን ብላን፤ ዱፉርሽፒትሰ 4,634፤ ዶም 4,545፤ ሊስካም 4,527፤ ቫይስሆርን 4,505፤ ማተርሆርን 4,478፤ ዳን ብላንሽ 4,357፤ ግራን ኮምባን 4,314፤ ፊንስተራርሆርን 4,274፤ ዚናልሮትሆርን 4,221። በአዳዲስ ካርታዎች ላይ አንዳንዶቹ በጥቂት ሜትር ተሻሽለው ሊያገኟቸው ይችላሉ፤ ደረጃቸው ግን በዚህ ምክንያት አይናጋም። ከአሥሩ ውስጥ ከሞን ብላን በስተቀር ሁሉም ወይ በስዊዘርላንድ ውስጥ ወይ በስዊዘርላንድና በኢጣልያ ወሰን ላይ ያሉ ናቸው። ከፊንስተራርሆርን በቀር ደግሞ ዘጠኙም ከሮን ወንዝ በስተደቡብ ይገኛሉ።

መስፈርቱ ሲላላ ምን እንደሚፈጠር ማተርሆርንን አይቶ መረዳት ይቻላል። ዓለም ሁሉ በቸኮሌት መጠቅለያ ላይ ያወቀው ይህ ተራራ በእኔ ዝርዝር ላይ ስድስተኛ ነው። ትናንሾቹን ጫፎች ሁሉ በሚቆጥረው ዝርዝር ላይ ግን ወደ 12ኛ ይወርድና ከአሥሩ ውጭ ይሆናል። ከፊቱ የሚገቡት እነማን ናቸው? ሞን ብላን ደ ኩርማየር አንዱ ነው። ከዚያ ኖርደንድ፣ ዙምሽታይንሽፒትሰ እና ዚግናልኩፐ ይመጣሉ፤ ሦስቱም የዱፉርሽፒትሰ ጎረቤቶችና የአንዱ የሞንቴ ሮዛ ግዙፍ አካል ክፍሎች ናቸው። የዶም ጎረቤት ቴሽሆርንና የሊስካም ምዕራባዊ ጫፍ ይጨመራሉ። የሊስካም ምዕራባዊ ጫፍ ማተርሆርንን የሚበልጠው በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ነው። ሁለቱን ተራሮች አይቶ «ሊስካም ምዕራብ ይበልጣል» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ ሞንቴ ሮዛ ትንሽ ልቆይ፤ ሰንጠረዥ የማያሳየው ብዙ ነገር ያለው እዚህ ነው። ሞንቴ ሮዛ የአንድ ጫፍ ስም አይደለም፤ በስዊዘርላንድና በኢጣልያ ወሰን ላይ የተዘረጋ፣ ብዙ ራስ ያለው የዐለትና የበረዶ ክምር ነው። ዱፉርሽፒትሰ የእሱ ከፍተኛው ራስ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ጊዮም ሄንሪ ዱፉር ነው። ዱፉር ከ1845 እስከ 1865 በክፍል በክፍል የወጣውን፣ ስዊዘርላንድን በሙሉ በ1፡100,000 መስፈርት ያሳየውን የመጀመሪያ ካርታ የመራ ሰው ነው። የስዊዘርላንድ መንግሥት የአገሩን ከፍተኛ ነጥብ በስሙ የሰየመው በ1863፣ ጄኔራሉ በሕይወት እያለ ነው። ለአንድ የካርታ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም፤ ይህን ስል ትንሽ እንደምቀና አልደብቅም።

በዚያው ዓመት ዱፉር በጄኔቫ ቀይ መስቀልን ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሄንሪ ዱናን ሌላው ነበር። ከዱፉርሽፒትሰ ጫፍ በስተምሥራቅ፣ በአንድ ሸንተረር ላይ፣ ሁለት ሜትር ብቻ የሚያንስ ሌላ ጉብታ አለ፤ ለረጅም ጊዜ «ምሥራቃዊው ጫፍ» ከመባል በቀር ስም አልነበረውም። በ2014 ዱናንሽፒትሰ ተባለ። እንግዲህ የቀይ መስቀል ሁለት መሥራቾች በአልፕስ ሁለተኛው ተራራ ራስ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ዱናንሽፒትሰ 4,632 ሜትር ስለሆነ፣ ጉብታ ሁሉ ይቆጠር ከተባለ ከዱፉርሽፒትሰ ቀጥሎ መግባት ነበረበት። የተለመዱት ሰንጠረዦች ግን አያስገቡትም። በጄኔቫ የሚማር ልጅ ይህን ጽፎ ቢሄድ ክፍሉ በሙሉ ያዳምጠዋል።

ዱፉርሽፒትሰ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው ኦገስት 1 ቀን 1855 ነው። የወጡት እንግሊዛውያንና የአገሩ መንገድ መሪዎች ሲሆኑ ከመካከላቸው ቄስ ቻርልስ ሃድሰን ይገኝበታል። ይኸው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 14 ቀን 1865፣ ማተርሆርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጡት ሰባት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሲወርዱ አንዱ አዳልጦት ሌሎቹን ይዞ ወደቀ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሃድሰን ከአራቱ አንዱ ነው። ከሞን ብላን ጋር ሲነጻጸር ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር ሞን ብላንን መውጫ መንገድ ላገኘ ሽልማት ያቀረበው በ1760 ሲሆን፣ ዣክ ባልማና ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪኤል ፓካር ጫፉን የረገጡት ኦገስት 8 ቀን 1786 ነው። ሶስዩር ራሱም በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያዎቹን አስይዞ ወጣ።

በሞንቴ ሮዛ ላይ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ዚግናልኩፐ በሚባለው ጫፍ አናት ላይ፣ 4,554 ሜትር ላይ፣ በኢጣልያዋ ንግሥት ማርጌሪታ ስም የተጠራ ማረፊያ ቤት ቆሟል። በ1893 የተከፈተ ሲሆን በአውሮፓ ከፍተኛው ሕንጻ ነው። ንግሥቲቱ ራሷ በዚያው ዓመት ወጥታ አይታዋለች። የሰው አካል አየር በሳሳበት ቦታ ምን እንደሚሆን የሚያጠኑ ሐኪሞች ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። ኢጣልያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አንጄሎ ሞሶ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ልጅዎ ስለ ራስ ደጀን ከጠየቀ ቤቱ ከእኛ ተራራ ራስ ጋር በአንድ ከፍታ ላይ እንዳለ ሊነግሩት ይችላሉ፤ ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ነው።

ወደ 82 እና 128 ልመለስ። የዓለም አቀፍ የተራራ ወጪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ዩአይኤኤ የሚባለው፣ ክርክሩ ሲሰለቸው በ1994 በአልፕስ ውስጥ ከ4,000 ሜትር የሚበልጡትን ጫፎች ዝርዝር አወጣ። ዋናው ዝርዝር 82 ጫፎችን ይዟል፤ ተጨማሪው ደግሞ 46 ጫፎችን። ሁለቱ ሲደመሩ 128 ይሆናሉ። ልጅዎ ያገኛቸው ሁለት ቁጥሮች ምንጫቸው አንድ ነው ማለት ነው። ለዋናው ዝርዝር የተቀመጠው መስፈርት 30 ሜትር ነጻ ከፍታ ነው፤ ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፣ አንድ የተራራ ገመድ ከሚደርስበት ርዝመት ጋር ተያይዞ የተመረጠ ነው። ነገር ግን «ቅርጹ የሚለይ ከሆነ» ወይም «በተራራ ወጪዎች ዘንድ ቦታ ካለው» የሚሉ ሁለት ተጨማሪ መስፈርቶች አሉ። ባለ 18 ሜትሩ ሞን ብላን ደ ኩርማየር ወደ ዋናው ዝርዝር የገባው በእነዚህ በኩል ነው።

ይህን ልዩ አስተያየት እኔ አልወደውም። 30 ሜትር ካሉ 30 ሜትር ነው። ሆኖም ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል፦ ከኢጣልያ በኩል ወደ እሱ የሚያወጡት ገደሎች በአልፕስ ውስጥ ካሉት እጅግ ትልልቅና አስቸጋሪ ከሚባሉት መካከል ናቸው፤ ቀናት ፈጅቶ የወጣን ሰው «የወጣኸው ምንም አይደለም» ማለት ይከብዳል። የፖለቲካ ክብደትም አለው። ሞን ብላን የሚገኝበት የሳቮይ ግዛት በ1860 ለፈረንሳይ ከተሰጠ ወዲህ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ሞን ብላን ራስ አልተስማሙም። የኢጣልያ ካርታ ወሰኑን በዋናው ጫፍ ላይ ያሳልፈዋል። የፈረንሳይ ካርታ ግን ዋናውን ጫፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ፈረንሳይ አስገብቶ ወሰኑን በሞን ብላን ደ ኩርማየር በኩል ያሰምረዋል። የፈረንሳይን ካርታ ለያዘ ሰው እንግዲህ ያ 18 ሜትር ጉብታ የኢጣልያ ከፍተኛው ነጥብ ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ በይፋ አልተዘጋም፤ ልጅዎ በዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።

ዝርዝር እየተለጠጠ ሲሄድ ሰውን እንዴት እንደሚያሮጥ የሚያሳየው ካርል ብሎዲግ የተባለው ኦስትሪያዊ የዐይን ሐኪም ነው። በዘመኑ የታወቁትን ባለ 4,000 ጫፎች ሁሉ በ1911 ወጥቶ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ግራንድ ሮሹዝና ኤጉይ ዱ ዣርዳን የሚባሉ ሁለት ጫፎች ወደ ዝርዝሩ ገቡ። ብሎዲግ በ1932፣ በ73 ዓመቱ፣ ብቻውን ሄዶ ወጣቸው። የዛሬዎቹ ደግሞ ከዝርዝሩ ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር ነው የሚሽቀዳደሙት፦ ስዊዘርላንዳዊው ዑሊ ሽቴክ በ2015 ሰማንያ ሁለቱን በ62 ቀን፣ ካታላናዊው ኪሊያን ዦርኔት በ2024 በ19 ቀን ፈጽመዋል፤ ከተራራ ወደ ተራራም ያለ ሞተር ነው የተጓዙት። እነዚህ ሰዎች የሚቆጥሩት የዩአይኤኤን 82 ስለሆነ ቁጥሩ በሕዝብ ዘንድ ጸንቷል።

የሞን ብላን ቁመት ለምን በየጊዜው ይለዋወጣል? ጫፉ በረዶ ስለሆነ ነው። ከበረዶው በታች ያለው ዐለት ከፍተኛው ነጥቡ 4,792 ሜትር ነው፤ እሱም ከበረዶው ጫፍ ሥር በቀጥታ ሳይሆን 40 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ከዚያ በላይ ያለው ንፋስ የሚያመጣውና የሚወስደው በረዶ ነው። በአውሮፓ ክረምት፣ ማለትም በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ንፋሱ ብርቱ ስለሆነ ደረቁን በረዶ ጠርጎ ይወስደዋል፤ በበጋ፣ ማለትም በሞቃቶቹ ወራት፣ በረዶው ይረጥብና ባለበት ይጣበቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ ጫፉ ከፍ የሚለው በበጋ ማብቂያ ላይ ነው። ከ2001 ጀምሮ የፈረንሳይዋ የኦት ሳቮይ አውራጃ ቀያሾች በየሁለት ዓመቱ በሴፕቴምበር ወጥተው የሚለኩት ለዚህ ነው፤ አንዱን ዓመት ከሌላው ለማወዳደር በአንድ ወቅት መለካት አለበት።

በ2001 4,810.40 ሜትር አገኙ። በ2007 4,810.90 ደረሰ። ከዚያ ዝቅ እያለ መጥቶ በ2021 4,807.81፣ በ2023 ደግሞ 4,805.59 ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለት ሜትር በላይ ቀንሷል ማለት ነው። ይህን ሰምቶ «የምድር ሙቀት ሞን ብላንን እያቀለጠው ነው» ብሎ የሚጮህ አለ። በዝቅተኛው አልፕስ ያሉት የበረዶ ግግሮች በሙቀቱ ክፉኛ እየተጎዱ መሆናቸው የማይካድ ነው። የዚህ ጫፍ ቁመት ግን ዋናው ጉዳዩ ንፋስና የወቅቱ በረዶ ነው፤ ለካን ያሉት ቀያሾች ራሳቸው ከአንድ ልኬት ተነሥቶ መደምደም እንደማይገባ ተናግረዋል። ልጅዎ ያየው 4,807 የፈረንሳይ ልጆች በትውልድ ትውልድ የሸመደዱት የድሮው ቁጥር ነው፤ 4,810 የ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ 4,806 ደግሞ የ2023ቱ ተጠጋግቶ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ቁጥሩን ከነዓመቱ ማስቀመጥ ነው። ዱፉርሽፒትሰ ዐለት ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

ዐለት የሆኑትም ግን አንድ ጊዜ በጅምላ አጥረዋል፤ የአጠሩበት ምክንያት እዚያው እርስዎ ከተማ ውስጥ አለ። በጄኔቫ ወደብ፣ ከእንግሊዝ መናፈሻ ፊት ለፊት፣ ከሐይቁ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ብቅ ብለው ይታያሉ። የጥንት የበረዶ ግግር ያመጣቸው ናቸው፤ ፒየር ዱ ኒቶን ይባላሉ። በአንደኛው ላይ የነሐስ ምልክት አለ። የስዊዘርላንድ ተራራ ሁሉ ቁመት የሚቆጠረው ከዚህ ምልክት ተነሥቶ ነው፤ አገሪቱ የራሷ ባሕር ስለሌላት የምልክቱ ከፍታ የተሰላው ከማርሴይ ባሕር ወለል ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ምልክቱ 376.86 ሜትር ላይ እንዳለ ይታመን ነበር። የተሻለ ልኬት ሲሠራ በ1902 ቁጥሩ 373.6 ተደረገ፤ የስዊዘርላንድ ተራራ ሁሉ ሳይነቃነቅ 3 ሜትር ከ26 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ኢጣልያ ከጄኖቫ፣ ኦስትሪያ ከትሪየስተ ባሕር ስለሚነሡ በወሰን ላይ ያለ አንድ ጫፍ በሁለት አገር ካርታ ላይ ጥቂት ተለያይቶ ቢገኝ አይድነቅዎ።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሳተላይት መቀበያ ይዛችሁ ከፍታ ብትለኩ፣ መሣሪያው እርማት ካላደረገ፣ በስዊዘርላንድ ውስጥ 50 ሜትር ያህል አብልጦ ያሳያችኋል። ሳተላይቱ የሚለካው ከባሕር ወለል ሳይሆን ለስሌት ከተበጀ ለስላሳ የምድር ቅርጽ ስለሆነ ነው። በኢንተርኔት ላይ «ራሴ ለካሁት» እያሉ አዲስ ቁመት የሚያውጁ ሰዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ኤልብሩስስ? የሚል ከክፍሉ አይጠፋም። ኤልብሩስ 5,642 ሜትር ነው፤ ካውካሰስ አውሮፓ ውስጥ ከተቆጠረ የአውሮፓ ከፍተኛው እሱ ነው፣ ወሰኑ ከካውካሰስ በስተሰሜን ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ከተሰመረ ደግሞ ሞን ብላን ነው። ለልጅዎ ሥራ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ጥያቄው ስለ አልፕስ ነው።

አሁን ከየት ማየት እንደሚቻል። ሞን ብላንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰማዩ የጠራ ቀን ከጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሰፊና ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተራራው ሥር ካለችው የፈረንሳይ ከተማ ከሻሞኒ 3,842 ሜትር ላይ ወዳለው ኤጉይ ዱ ሚዲ የሚወጣው ኬብል ደግሞ በጣም ያቀርበዋል። ነገር ግን ከ1,035 ሜትር ተነሥቶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እዚያ መድረስ ራስ ያዞራል፤ ልጁ እንዳይሮጥ፣ ውኃ እንዲጠጣ፣ ራሱን ካመመው ወዲያው እንዲወርድ ያድርጉ። ሞን ብላን ደ ኩርማየርን ከሻሞኒ አይፈልጉት፤ ከኋላ ነው ያለው። እሱ የሚታየው ከኢጣልያ በኩል ነው፤ ከዚያ ሸለቆ ውስጥ ከብዙ ቦታ ዋናውን ጫፍ ራሱ ይከልለዋል፣ ያለ ቁመቱ የሚገነነውም በከፊል በዚህ ነው።

ሌሎቹን ለማየት ወደ ስዊዘርላንዷ የተራራ ከተማ ዘርማት ሄደው ከ1898 ጀምሮ የሚሠራውን የጎርነርግራት ባቡር ይሳፈሩ፤ 3,089 ሜትር ላይ ያወርድዎታል። ከዚያ ሁሉም ሰው ማተርሆርንን ለማንሣት ካሜራውን ወደ ምዕራብ ያዞራል። እናንተ ጀርባችሁን ስጡትና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመልከቱ። ከበረዶ ግግሩ ማዶ በቀኝ ያለው ረጅም ነጭ ግድግዳ ሊስካም ነው፤ በግራ ያለው ሰፊ ክምር ሞንቴ ሮዛ። በክምሩ ላይ ሁለት ራሶች ይታያሉ፦ በግራ ያለው፣ የበረዶ ቆብ የደፋው ኖርደንድ ነው፤ በቀኝ በኩል ጥቁር ዐለቱ የወጣው ዱፉርሽፒትሰ ነው። የቀረበ ስለሚመስል ማተርሆርን ይበልጠዋል ብሎ የማይሳሳት ልጅ የለም፤ ልዩነቱ ግን 156 ሜትር ሲሆን የሚበልጠው ዱፉርሽፒትሰ ነው። የባቡሩ ቲኬት ርካሽ አይደለምና ከመነሣትዎ በፊት በጣቢያው አናት ላይ ያለውን የቀጥታ ካሜራ በኢንተርኔት ይክፈቱ፤ ደመና ከሸፈነው ሌላ ቀን ይሂዱ።